ጉምጉምታው ዝም ሲል

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ንባቤን አቋርጬ የጆሮ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አወረድሁ። ላፕቶፑ ገና እየቀዳ ነበር። በማያ ገጹ ላይ በሚሮጠው የድምፅ መስመር ውስጥ፣ እኔ ዝም ካልሁ በኋላም የማይጠፋ ወፍራም ጥላ ይታያል፤ ለሳምንታት ስታገለው የቆየሁት ጉምጉምታ ነው። ያቋረጥሁት ግን እሱ ስላማረረኝ አልነበረም። በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ስለ ተመለሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ከእግሬ በታች፣ ምድር ቤት፣ የአንዲት አሮጊት ሕይወት በቋፍ ላይ እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያሰብሁት ግን «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ብልሽት ነው?» ብቻ ነበር።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥነ ልሳን አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎቻችን የማመሳከሪያ መጻሕፍትን በድምፅ እያነበብሁ እቀዳለሁ። ለዚህ ሥራ ስል ከማእድ ቤቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት ባዶ አድርጌ፣ ግድግዳዋን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎንና የድምፅ ማጉያ ሣጥን አስገብቻለሁ። በሩ ሲዘጋ የውጭው ዓለም ይቀራል፤ «መገናኛ! መገናኛ! የሞላ!» የሚለው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እንኳን እንደ ሩቅ የወፍ ድምፅ ይሆናል።

ከአየር በሚመጣ ድምፅ ላይ በር መዝጋት ይቻላል። በሽቦ የሚገባው ግን በር አያውቅም። ጉምጉምታው መጀመሪያ የተሰማኝ በመስከረም ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ያልተቋረጠ፣ ንብ የሞላበት ቀፎ ላይ ጆሮ የጣሉ የሚመስል። ዐይኑ ለማያይ ተማሪ ድምፁ ገጹ ነው። እኔ በዚህ ዓይነት ጩኸት ላይ ማንበቤ፣ ለሚያይ ተማሪ ዘይት የፈሰሰበት መጽሐፍ እንደ መስጠት ሆኖ ተሰማኝ።

ስለዚህ በሥርዓት ፍለጋ ጀመርሁ። ፍሪጁን ነቀልሁ፤ አልተለወጠም። የስልክ ቻርጀሮችን ሁሉ ከሶኬት አወጣሁ፣ የዕቃ ቤቱን አምፖል በሌላ ቀየርሁ፣ የማይክሮፎኑን ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመዱ አርቄ በግድግዳው ጥግ አዞርሁት። ዲቫይደሩን ጥዬ አዲስ ገዛሁ። ከሳሎን፣ ከመኝታ ቤት፣ ከማእድ ቤት ሶኬት እየተቀበልሁ ሞከርሁ። የላፕቶፑን ገመድ ከኤሌክትሪክ ስነቅል በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የድምፅ ማጉያውን ሣጥን የብረት ገላ በእጄ ስይዘው ደግሞ ጸባዩን ይለውጣል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ፈጽሞ ይሞታል። የሰፈሩ ሰው መብራት ሄደ ብሎ ሲያማርር እኔ ወደ ዕቃ ቤቴ ሮጬ፣ ያረጀው የላፕቶፕ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ በሻማ ብርሃን የማነብበት ጊዜ ነበር። መብራት ሲመጣ ሕንፃው ሁሉ «እልል» ሲል እኔ መጽሐፌን አጥፌ እወጣለሁ።

የደረስሁበት መደምደሚያ አንድ ነበር፤ ችግሩ ከዕቃዎቼ ሳይሆን ከመሬት ሽቦው ነው። ይህ ሽቦ፣ ከዕቃ ውስጥ የሾለከ ኤሌክትሪክ ሰው ሳይነካ ወደ አፈር የሚወርድበት መንገድ ነው። መንገዱ ጤነኛ ከሆነ ማጉያው ዝም ይላል። ካልሆነ የሾለከው ሁሉ መሄጃ አጥቶ በየብረቱ ላይ ይንጎራደዳል፣ ማይክሮፎኑም ያንን ይሰማል። ኮሚቴው የሚያሠራውን ኤሌክትሪሻን ስልክ ደውዬ ጠይቄው ነበር። «አያት ሰፈር ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ የእናንተ ሕንፃ የመሬት ሽቦ አለው፣ አንደኛ ነው፣ አታስቢ» ብሎኝ ዘጋ። እኔም ሰው ደጋግሞ መወትወት አልወድም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ያየሁት አዲስ ነገር የጉምጉምታው ዝምታ ነበር። የተቀዳውን መልሼ ከፍቼ ተመለከትሁት። ወፍራሙ ጥላ ይሄድ ይሄድና ድንገት ይቀጥናል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይመለሳል። እንደገና ይቀጥናል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ትንሽ ዕረፍት፤ ከዚያ እንደገና ሦስት። የሚበላሽ ዕቃ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት የለውም። ሥራዬ የሰውን ንግግር በመስመር መልክ ማየት ነውና፣ በዚያ አከፋፈል ውስጥ ሐሳብ ያለው አካል መኖሩ ሳይታወቀኝ አልቀረም። የቀደሙትን ቀናት ቅጂዎች አንድ በአንድ ከፈትሁ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል አለ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ አለ። ንባቤ ከላይ ስለ ተጫነበት ልብ ሳልለው ቀርቼ ነው እንጂ ለሳምንታት እዚያው ነበር።

የዕቃ ቤቴ ግድግዳ ከምድር ቤቱ ሱቅ ጀርባ በላይ ያርፋል። አንድ ማሽን አብሮ እየበራና እየጠፋ ይሆናል ብዬ ወረድሁ።

የሱቁ ባለቤት ወሎ ተወልዶ ያደገ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ፣ ሰው ማሳቅ የሚወድ ነጋዴ ነው። ከሳሙና እስከ አምፖል የሌለው ነገር የለም። ሚስቱን፣ ልጆቹንና ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ከአገር ቤት ያመጣቸውን እናቱን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ይኖራል።

«ቲቸር! ዛሬ ደግሞ ምን ጮኸብዎት?» አለኝ ገና ከሩቁ። የጉምጉምታውን ነገር ለእሱ ብቻ አጫውቼው ነበር።

«አልጮኸም፤ ዝም አለ» አልሁት። «ከጀርባ የምታበራው የምታጠፋው ነገር አለ? ፓምፕ? ፍሪጅ?»

«ዝም ካለማ እንኳን ደስ አለዎት! እርስዎ ሰው ሲጮህም ሰው ዝም ሲልም ደስ አይልዎትም?» ሳቀ። «ፍሪጄ አንድ ነው፤ እሱም ከእኔ በላይ ሠርቶ አያውቅም። ፓምፕ የለኝም።»

የመጣሁበትን ጨርሼ ልመለስ ስል «እማማ ደኅና ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ከደጅ ካየኋቸው ሰንብቼ ነበር።

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ምን ደኅና ናት! ክንዷን ነርቭ ያዘብኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ትነቃለች። ሁለት ክሊኒክ ወሰድኋት። ቫይታሚን ሰጡኝ። እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልተሻላት አገር ቤት እመልሳታለሁ፤ የከተማው ብርድ ነው መሰለኝ።»

እግዜር ይማራቸው ብዬ ወጣሁ። የሰማሁትን ከያዝሁት ጥያቄ ጋር ሊያገናኝ የሚችል አንድም ክር አልታየኝም።

የዘጠኝ ሰዓት ተኩሉን ዝምታ ግን ልጠብቀው ወሰንሁ። የድምፅ ማጉያውን ከማዳመጫው ነቅዬ ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁትና ጉምጉምታው ቤቱን እንዲሞላ አደረግሁ። የዕቃ ቤቱን በር ከፍቼ፣ ድምፁ እየተሰማኝ ከማእድ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆምሁ። ከዚያ ላይ የሱቁ ጓሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሲሚንቶ የተለሰነች ጠባብ ግቢ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከግድግዳው የወጣ አንድ የብረት ቧንቧ።

የጓሮው በር ተከፈተ። እማማ ብቅ አሉ፤ ጥቁር ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ የቀሚሳቸውን እጅጌ እየጠቀለሉ። ከደጃፉ ላይ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው አቀናጅተው አስቀመጡ። ለሰላት ሊታጠቡ መሆኑ ገባኝ፤ ውዱእ ሲያደርጉ ማየት ነውር መስሎኝ ዐይኔን ዞር አደረግሁ።

ከኋላዬ ጉምጉምታው ዝም አለ።

ዘወር ብዬ ወደ ታች አየሁ። የእማማ እጅ በቧንቧው ላይ ነበር። ውሃውን በእፍኛቸው ተቀብለው፣ እንዳይባክን ቧንቧውን መልሰው ዘጉትና እጃቸውን አነሡ። ጉምጉምታው ተመለሰ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ዝም አለ። አነሡ፤ ተመለሰ። እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ትከሻቸው ሸምቀቅ ይል ነበር፤ እሳት ሊነካ እንደሚል ሰው። እግራቸው ባዶ ነው። የቆሙበት ሲሚንቶ እርጥብ ነው።

ያወቅሁት በአንድ ጊዜ ነው። ጉምጉምታው የሚሞተው መሄጃ ያጣው ኤሌክትሪክ መንገድ ሲያገኝ ነው። ያገኘው መንገድ እሳቸው ናቸው። በቧንቧው ላይ የተጠራቀመው ሁሉ በክንዳቸው ገብቶ፣ በደረታቸው አልፎ፣ በባዶ እግራቸው ወደ እርጥቡ ሲሚንቶ ይወርዳል። ለሳምንታት በቅጂዬ ውስጥ የሚታየኝ ቀጭን መስመር የሳቸው ገላ ነበር።

«እማማ! አይንኩት! ቧንቧውን አይንኩት!»

ድምፄን እኔው አላወቅሁትም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስኖር ከበረንዳ ላይ ሰው ተጣርቼ አላውቅም። እማማ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሦስተኛውን ሊቀዱ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ቤት ተቃጠለ?»

«እመጣለሁ! እንዳይነኩት!»

ጉምጉምታውን ስፈልግ የገዛሁትን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መልቲሜትሬን፣ ይዤ በደረጃው እንዴት እንደ ወረድሁ አላስታውስም። ጓሮ ስደርስ ልጃቸውም ጩኸቴን ሰምቶ ከሱቁ ወጥቶ ነበር። እማማ አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው።

«ይነዝርዎታል? ቧንቧው እጅዎን ይነዝርዎታል?» አልኋቸው።

መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ትንሽ ይይዘኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔማ የአዲስ አበባ ውሃ ሰላምተኛ ነው፣ እጅ ይጨብጣል ብዬ ነበር።»

«እማ! ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ልጃቸው።

«ምን ብዬ? ዕቃ ሳጥብ ምንም የለም። ልብስ ሳጥብ ምንም የለም። ለሰላት ስቀርብ ብቻ ነው የሚይዘኝ። እና ይሄ ምን ይባላል? አላህ ውዱኤን አልወደደልኝም ልበልህ? ደግሞ ብነግርህ አገር ቤት ትመልሰኛለህ። እዚያ ባዶ ቤት ነው ያለኝ።»

ዕቃና ልብስ ሲያጥቡ የማይይዛቸው የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ስለሚጫሙ ነው። ጫማቸውን የሚያወልቁት ለውዱእ ብቻ ነበር።

ልጃቸው ከሱቁ ሮጦ ከሚሸጣቸው ቴስተሮች አንዱን አመጣ፤ ጫፉ ብረት የነካ እንደሆነ፣ ኤሌክትሪክ ካለ በእጀታው ውስጥ ትንሽ መብራት የምታበራ ብሎን መፍቻ ናት። ቧንቧው ላይ አስቀመጣት። ብርቱካናማዋ መብራት ቦግ አለች።

«ይሄ ቴስተር ተበላሽቷል» አለ። ሌላ አመጣ። እሱም በራ። ሦስተኛ ሊያመጣ ሲዞር ክንዱን ያዝሁትና የእኔን መልቲሜትር አንዱን ጫፍ በቧንቧው፣ ሌላውን በእርጥቡ መሬት ላይ አድርጌ አሳየሁት። ከመቶ ቮልት በላይ ነበር። ቁጥሩን አየ፤ እናቱን አየ። ያ ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቫይታሚን እየገዛሁላት...» አለ፤ «ወላሂ፣ ቫይታሚን እየገዛሁላት።»

«አብሽር፣ አልሞትኩም» አሉት እማማ፣ ራሱን እየዳበሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ሰላቴ እንዳያልፈኝ፣ እንግዲህ በምን ልታጠብ?» አሉኝ። ከሱቁ በጀሪካን የተቀመጠ ውሃ ቀዳሁላቸው። እግራቸውን ሲያጥቡም ውሃውን ያፈሰስሁላቸው እኔ ነበርሁ።

የባሰው ድንጋጤ ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አደጋውን ለጎረቤት ልናገር ብዬ ፎቅ ለፎቅ በር አንኳኳሁ። የሚደነግጥልኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር።

አንደኛ ፎቅ ላይ በር የከፈተችልኝ ሴት «አዎ፣ ይነዝራል እኮ» አለችኝ፤ ዝናብ ዘነበ እንደማለት። «እኛ ነጠላ ጫማ ሳናደርግ ሻወር አንገባም።» ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የሚኒባስ ሹፌር በሳቅ ተቀበለኝ፦ «ቲቸር፣ አሁን ነው የሰሙት? እኔማ ጠዋት ጠዋት እንቅልፌን የምፈታው በሱ ነው። ቡና አያስፈልገኝም!» አራተኛ ፎቅም እንዲሁ። በየመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተደርድረው ያየኋቸው የፕላስቲክ ጫማዎች ለንጽሕና ይመስሉኝ ነበር። ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ማንም ሳይማከር፣ ማንም ሳያዝዝ፣ እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ጫማ አኑሮ ነገሩን ረስቶታል። እኔም ከአልጋዬ ስወርድ ጀምሮ ጫማ ከእግሬ የማይለይ ሰው በመሆኔ እንጂ ከእነሱ የተለየሁ አልነበርሁም።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ የሕንፃውን ታሪክ ከመሠረቱ ያውቃሉ። ሳሎናቸው አስቀምጠው በትዕግሥት አስረዱኝ። ከመሬት የተቀበረው የመዳብ ሽቦ ከዓመታት በፊት በሌባ ተቆፍሮ ተወሰደ። የዚያን ጊዜ ኤሌክትሪሻኑ፣ የውሃው ቧንቧ ብረት ስለ ሆነና ወደ መሬት ስለሚገባ፣ የሕንፃውን የመሬት ሽቦ ከቆጣሪው ሳጥን አውጥቶ ከቧንቧው ጋር አሰረው።

«በጣም ጥሩ ሠርቶ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ያ የመሬት ውስጥ ቧንቧ የታለ፣ ጋሼ?»

«እሱማ ዝጎ ውሃው ቀይ ሲመጣ አልነበረ እንዴ? ባለፈው ዓመት ሁላችንም አዋጥተን በፕላስቲክ ቀየርነው። ምን ያለ ንጹሕ ውሃ መጣ! አንቺም አዋጥተሻል።»

እሳቸው የሁለቱን መልካም ሥራዎች ታሪክ ነበር የነገሩኝ። እኔ ግን ሁለቱ ተጋጥመው የሠሩትን እያየሁ ነበር። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከግድግዳው ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ፣ በየቤቱ ያለው የመሬት ሽቦ፣ የቦይለሩ፣ የፍሪጁ፣ የእኔ ማጉያ ገላ፣ ሁሉም እርስ በርስ ተያይዘው ከአፈር ተለያይተዋል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ጥቂት የሚሾልከው ሁሉ በአንድ ቧንቧ ላይ ይሰበሰባል። ቦይለሮቹ ባረጁ ቁጥር ይጨምራል። አንዱ ፈጽሞ የተበላሸ ቀን፣ ባዶ እግሩን ለሚነካው ሰው ጩኸት የሚያሰማበት ጊዜ እንኳን አይኖርም።

ይህንን ሳስረዳቸው እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ «እንግዲህ ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ነዋሪውን እንሰብስብና እናያለን» አሉ። «እኔም ለባለቤቴ ጫማ ሳታደርጊ ቧንቧ እንዳትነኪ ብዬ ነግሬያታለሁ» ብለው ጨመሩ፤ እኔን ሊያረጋጉ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነዋሪው በግቢው ተሰበሰበ። ነጭ እንደ ለበሱ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አሉ፤ ገና ፊታቸውን ያልታጠቡ አሉ። እማማ ልጃቸው ባወጣላቸው ወንበር ላይ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ጉዳዩንና ቦይለሮቹ ይነቀሉ የሚለውን የእኔን ጥያቄ አስረድተው ሲያበቁ፣ የራሳቸውን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ኤሌክትሪሻኑ እስኪመጣ ድረስ በየፎቁ ማስታወቂያ ይለጠፍ፦ «ቧንቧ ከመንካትዎ በፊት ጫማ ያድርጉ።»

ብዙ ራሶች በስምምነት ተነቀነቁ። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

«ባለሱቁ ደስ ይበለው!» አለ ሹፌሩ። «ነጠላ ጫማ ሊሸጥልን ነው! ቁጥር አርባ ሦስት አለህ?»

ሰው ሳቀ። ባለሱቁ ግን አልሳቀም። «እናቴ ለሰላት ጫማ አድርጋ እግሯን አታጥብም» አለ።

«ታዲያ በጀሪካን ትታጠብ እንጂ፤ ለአንድ ሰው ተብሎ ሕንፃው ሁሉ ቦይለር ይንቀል?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ልጆቼ በዚህ ብርድ በምን ይታጠቡ?»

በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። የምሰጠውን ሰጥቼ፣ የምፈርመውን ፈርሜ ነበር የምሄደው። ያን ዕለት ላፕቶፔን ይዤ ወርጄ ነበር፤ ለምን እንደያዝሁት ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልቆረጥሁም ነበር። ወደ ሱቁ ገብቼ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ትልቁ ስፒከር ጋር አገናኘሁት።

«ለጥቂት ደቂቃ አድምጡኝ» አልሁ። «ይህ ትናንት በስድስት ሰዓት ከአርባ የተቀዳ ነው። ጉምጉምታው በቧንቧው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። ዝም ሲል ኤሌክትሪኩ በሰው ውስጥ እያለፈ ነው ማለት ነው።»

ጉምጉምታው ግቢውን ሞላው። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ፤ ተመለሰ። ተቋረጠ፤ ተመለሰ። ተቋረጠ።

እማማ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ የሚያውቁትን ሰው ኮቴ እንደሚለይ ሰው። «ይቺ እጄ ናት» አሉ። እንደገና ሦስት ጊዜ ዝም አለ። «ይቺ አፌ።» ትንሽ ቆየ። «ይቺ ፊቴ ናት። አዎ፣ እዚህ ጋ ጠንከር አድርጎ ያዘኝ፤ ቢስሚላህ አልኩ።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይጨምቀዋል። ሊቀመንበሩ በእጃቸው የያዙትን የማስታወቂያ ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አጥፊው፣ መምህርት፤ በእግዚአብሔር አጥፊው» አሉኝ። አላጠፋሁትም። እስከ መጨረሻው፣ እስከ እግራቸው ድረስ አሰማኋቸው።

ድምፅ ተሰጠ። ሁለት እጆች አልተነሡም፤ የማን እንደነበሩ አይቻለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ዛሬም ድረስ በደረጃው ስንተላለፍ ሰላም እንባባላለን፣ ድንጋጤዬ ግን አልለቀቀኝም።

የተወሰነው ይህ ነው። በየቤቱ ያለው ቦይለር ሁሉ በዚያው ሰዓት ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ ሊቀመንበሩና እኔ በር ለበር ዞረን እናረጋግጥ። ከቆጣሪው ሳጥን ወደ ቧንቧው የሚሄደው ሽቦ ይቆረጥ። ሰኞ፣ ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ፣ አዲስ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፤ ከተለካ በኋላም በየፎቁ ያለው ቧንቧ አንድ በአንድ ይፈተሽ። እስከዚያ ድረስ የሕንፃው ዋና የውሃ መዝጊያ ተዘግቶ ሁሉም ሰው ከግቢው የፕላስቲክ ታንከር በጀሪካን ይቅዳ። የመዝጊያው እጀታ ከማን ዘንድ ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሹፌሩ «ከእማማ ዘንድ» አለ፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደም። እጀታው ተፈትቶ ተሰጣቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ ውሃው እንዳይከፈት ተወሰነ።